የቢጁ አደራ

ስርጉትን የማያውቋት ሰዎች «ያቺ ውሻ አስራ ያስቀረቻት ሴትዮ» ይሏታል። ይበሉ። የሰው አፍ በር የለውም። እኔ ግን ጅቡቲ፣ ሀራሙስ በሚባል ሰፈር፣ ከእሷ ቪላ አጠገብ ባለው ቪላ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ በመካከላችን የነበረው አንድ ግንብ ብቻ ነው። እሷ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ እኔም ባልዲ ገልብጬ እቆምበትና አንገታችንን አስግገን እናወራለን። ስለዚህ ስለ እሷ የሚቀባጥር ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ወሬውን ከእኔ ስሙ።

ስርጉት የመርሳ ልጅ ነች፣ የወሎ። እኔ አበሩ ደግሞ የድሬዳዋ ነኝ፤ እሷ አሥር ጊዜ አስባ አንድ ቃል ስትናገር እኔ አሥር ተናግሬ አንዱን አስባለሁ። እሷ የምትሠራው ማዳም ኦዲል ለምትባል ፈረንሳዊት ነበር። ባሏ የጦር መኮንን ነው። በ2007፣ እንደ ፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ማዳም ኦዲል ከእረፍት ስትመለስ በቅርጫት አንዲት ውሻ ይዛ መጣች። ስፓኒየል የሚሉት ዘር ነው። ጆሮዋ እስከ ደረቷ ወርዷል፣ ፀጉሯ ነጭና ቡናማ፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ አሁን ያለቀሰች የሚመስል። ስሟ ቢጁ ይባላል። ፈረንሳዮች ዘሩ ለተመዘገበ ውሻ በየዓመቱ አንድ ፊደል ያወጣሉ፤ እሷ በተወለደችበት ዓመት የተወለዱት ሁሉ ስማቸው በ«ቢ» መጀመር አለበት። ስርጉት ይህን ስትነግረኝ «አቦ ተይኝ! እኔን እንኳ ስም ያወጣችልኝ የጎረቤት ሴት ነች» አልኳት።

ስርጉት መጀመሪያ ተጠይፋ ነበር። ባደገችበት አገር ውሻ ከአጥር ግቢ ደጅ ይተኛል፣ ፍርፋሪ ይጣልለታል፣ ሌባ ሲመጣ ይጮሃል፤ አለቀ። ይቺ ግን ሶፋ ላይ ነው የምትተኛው። ስርጉት ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ስትነሳ ልብሷን ሁለቴ ታጥብ ነበር። በር ላይ የሚጠብቀው ኢስማኤል፣ የዚያው አገር ሰው ነው፣ የውሻዋ አፍንጫ ሽርጡን ከነካው ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ሳያጥብ አይሰግድም። ማዳም ኦዲል ግን ውሻዋን የማበጠሩን፣ ጆሮዋን የማጽዳቱን፣ የማጠቡን ሥራ ለስርጉት ሰጠቻት። የሚያበጥራትን ሰው ደግሞ ውሻ አይለቅም። ስርጉት ወጥ ቤት ስትገባ ቢጁ ወጥ ቤት፣ ስርጉት ግቢ ስትወጣ ቢጁ ግቢ። ይህ በሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ ስርጉት ሌላ ሥራ ብትፈልግ እንኳ የአገሬው ሰው ቤት ሊቀጥራት አይችልም ነበር፤ ውሻ የነካች እጅ ምግባችንን አይነካም ይላሉ። እኔ ይህን አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። ሰማችኝ? አልሰማችኝም።

ማዳም ኦዲል ውሻዋን ማስወለድ ፈለገች። ግን እንዴት ያለ ማስወለድ መሰላችሁ! ከሁለት ዓመቷ በፊት አይሆንም። ዓይኗ ይታይ፣ ልቧ ይደመጥ፤ ይህ ዘር ልቡ ይታመማልና። ወንዱም እንደዚሁ ይመርመር። የልደቱ ወር ከታኅሣሥ እስከ የካቲት እንዲውል ተቆጥሮ ነው ወንድ አምጥተው የሚያስጠቋት፤ በበጋው የጅቡቲ ሙቀት ቡችላ አይወለድም። አንዴ ከወለደች በኋላ ዓመት ሙሉ ታርፋለች። ይህን ሁሉ ስርጉት በግንቡ ላይ ስትዘረዝርልኝ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ተናደድኩ። የእኔ እናት ዘጠኝ ወልዳለች፤ ማን ነው ዓመት ያሳረፋት?

የምትወልድበትን ሳጥን ያሠሩት በወደብ ሣንቃ ነው። ዙሪያውን ከውስጥ ደፍ አለው፤ እናቲቱ ዞር ስትል ቡችላውን ከግድግዳ ጋር እንዳትጨፈልቀው። በጥር ወር፣ ቀን ላይ፣ አራት ወለደች። ማዳም እንዳስተማረቻት ስርጉት የአንዱን አፍ ጠርጋ በፎጣ አሻሸችው፤ ሳይተነፍስ ቆይቶ በእጇ ላይ ሲጢጥ አለ። ያን ዕለት ግንቡ ጋ መጥታ እጇን አሳየችኝ። «እዚህ ላይ ነው የተነፈሰው» አለችኝ። እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ቡችሎቹን ለመለየት በየአንገታቸው ክር አሰረችላቸው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር። በየማለዳው በወጥ ቤቱ ሚዛን ትመዝናቸዋለች።

«ማተብ አሰርሽላቸው?» አልኳት። «ክርስትናውን ማን ሊያነሳ ነው?»

«አንቺ ነሻ፤ አፍሽ ለሰይጣን መካጃ ጥሩ ነው» አለችኝ። እሷም እንዲህ መመለስ ትችል ነበር፣ ደስ ሲላት።

ቡችላ ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናቱ አይለይም። ሲለይም ለፈለገው ሁሉ አይሰጥም። ማዳም ኦዲል ስርጉትን አስከትላ የወሳጆቹን ቤት እየዞረች ታያለች፤ ጥላ አለ ወይ፣ ክሊማ የሚሉት ማቀዝቀዣ ይሠራል ወይ፣ ቀን ቀን ማን ይቀመጣል፣ ከጅቡቲ ስትሄዱስ? ሆዳን ሰፈር የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ግቢያቸው ዛፍ የለውም ተብለው ተከለከሉ። «ሽማግሌ ተልኮ እንኳ እንዲህ አይመረመርም» አለችኝ ስርጉት፤ ግን እየኮራች ነው የምትናገረው። ጥቁር ክር የነበረው ወንዱ ቡችላ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር ለሚኖር ቤተሰብ ተሰጠ። የዚያ ዓመት ፊደል «ኤ» ነበርና ኤክሌር ተባለ። እሱን አስታውሱልኝ።

ባንቴ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ባንቴ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተዋወቁ። ከመልኩ ይልቅ ጠባዩ ይበልጣል፤ እኔ እንኳ፣ ሰው ማማት የምወደው፣ የማማበት ነገር አላገኘሁም። መኪናውን ከከተማ ወጣ ብሎ ያቆምና ጭነት እስኪደርሰው በሚጠብቅባቸው ቀናት እሑድ እሑድ ይገናኛሉ። ሽማግሌ ወደ መርሳ ልላክ ብሎ ጠየቃት። እሺ አለችው። ግን የማዳም ባል የሥራ ጊዜውን ጨርሶ እስኪሄዱ ጠብቀኝ አለችው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ቢጁ ድጋሚ ከመጠቃቷ በፊት፣ ዶክተር አብዱላሂ ልቧን አዳመጠ። ዶክተር አብዱላሂ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ዋና ሥራው በመርከብ የሚላኩ በጎችና ግመሎች ላይ ነው፤ ለፈረንጆቹ ሲል ነው ውሻም የሚያየው። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ልቧ ያፏጫል አለ። በር ሳይገጥም ሲቀር ነፋስ እንደሚያፏጭ። ለጊዜው ምንም አትሆንም፣ ብትወልድ ግን መጥፎ ነው፤ የምትወልዳቸውም ይወርሱታል። ማዳም ኦዲል ያኔውኑ አበቃ አለች። አንድ ቃል አልጨመረችም። በዚህስ አመሰግናታለሁ።

ከዚያ የባሏ ዝውውር መጣ። ሩቅ የባሕር ማዶ ደሴት ነው፤ ጉዞው ረጅም፣ እዚያም ውሻ ለብቻው ታሽጎ የሚቆይበት ሕግ አለ። ያ ልብ ያንን አይችልም ተባለ። ስለዚህ ማዳም ኦዲል ቪላውን ለሚከራየው ሰው ውሻዋንም ልትተው ወሰነች፤ ከለመደችው ቤት እንዳትነቀል። ሰውየው ሙሴ ፓስካል፣ አቶ ፓስካል እንደማለት፣ ይባላል፤ በወደብ ጭነት የሚያስተላልፍ ነጋዴ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ በረንዳ ላይ አስቀምጣ ፈተነችው። ምን ታበላታለህ? ስትታመም የት ትወስዳታለህ? እንደማታስወልዳት ቃል ትገባለህ? ሁሉንም እሺ፣ ሁሉንም አዎን። ካፉ ማር ጠብ ይል ነበር። ስርጉት ቡና ስታቀርብ ሰምታለች። ስለ እሷ ግን የተነሳ ነገር የለም፤ አንቺስ ትቆያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ከውኃው ታንከር ጋር፣ ከመጋረጃው ጋር፣ ከቤቱ ጋር ተላለፈች። ይህን ሳስብ ዛሬም ጥርሴን አፋጫለሁ።

ለነገሩ ስርጉት ልትሄድ ነበር። ሻንጣዋ ታስሯል። ባንቴ ከሁለት ቀን በኋላ ሊነሳ ነው። በመጨረሻው ጧት ግን ማዳም ኦዲል መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ሳለ እያለቀሰች መጣችና የቢጁን ማሰሪያ ስርጉት እጅ ላይ አኖረችው። «ላንቺ ትቻታለሁ፤ ከሁሉ በላይ የማምነው አንቺን ነው» አለቻት፣ በፈረንሳይኛ። ፈረንጅ ሲለያይ ብዙ ይላል፤ ወዲያው ይረሳዋል። ስርጉት ግን ማሰሪያውን በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ ተቀበለችው።

ግንቡ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። እንደማትሄድ ያኔ ነው የገባኝ።

«አንቺ!» አልኳት መኪናው እንደወጣ። «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የተቀበልሽው?»

«አደራ ሰጠችኛ» አለች።

«ውሻዋን የሰጠችው ለሰውየው ነው!»

«ለእሱ ቤቱን ነው። ለእኔ አደራ።» ከዚያ አባቷ የሚሉትን አለችኝ፦ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።»

ባንቴ ብቻውን ሄደ። ተቆጣ እንዳይመስላችሁ። አደራን እሱም ያውቃል። «ትንሽ ትየው» አለኝ በስልክ፤ «ሰውየው ደግ ከሆነ ልቧ ያርፍና ትመጣለች።»

ሰውየው ክፉም አልነበረም፤ ይህን ልናገር። ውሻ አይመታም፣ ሠራተኛ አይሰድብም። ግን ለእሱ ዓለም ሁሉ ጉዳይ ማስፈጸሚያ ነው። እራት በጠራቸው ቁጥር የሹማምንት ሚስቶች ቢጁን አቅፈው «እንዲህ ያለች ከየት ትገኛለች?» ሲሉ ሰማ። ቃል መግባት ጀመረ። ለዚህች አንድ፣ ለዚያች አንድ። አንድ ቀን ስርጉትን ገበያ ላካት፤ ስትመለስ ወንድ ውሻ መጥቶ ሄዷል። ያመጣው ማንን እንደሆነ አናውቅም፤ ልቡን የሰማለት እንደሌለ ግን እናውቃለን።

የልደቱ ወር ሐምሌ ሆነ። የጅቡቲን ሐምሌ ለማያውቅ ምን ልበለው? ሀምሲን የሚባለው ነፋስ ከምድረ በዳው አሸዋ ተሸክሞ ይመጣል፤ የበር እጀታ ያቃጥላል። ቢጁ ምጥ የጀመራት እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ወዲያው መብራት ጠፋ። ክሊማው ቆመ። ስርጉት በግንቡ ላይ ጮኸችብኝ፤ ያለንን በረዶ ሁሉ በፎጣ ጠቅልዬ አቀበልኳት። ኢስማኤል፣ ያ ውሻ የማይነካው ኢስማኤል፣ ዓሣ ተራ ሮጦ በረዶ በጆንያ ተሸክሞ መጣ። በር ላይ ቆሞ «አባዮ፣ ያዢ! ያዢ!» እያለ በእንጨት ይገፋላታል። አባዮ በሱማልኛ እህቴ ማለት ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ሞቱ። ቢጁ ራሷ አንዴ ተዘርራ ወደቀችና ምላሷ ሰማያዊ ሆነ፤ ስርጉት ደረቷን እያሻሸች «በናትሽ፣ በናትሽ» ስትላት በግንቡ ወዲህ እሰማለሁ። እኔም አለቀስኩ። ለውሻ አይደለም ያለቀስኩት፤ ወይም ለውሻም ሊሆን ይችላል።

የተረፉትን ሁለቱን ሙሴ ፓስካል በአምስት ሳምንታቸው በሪባን አስሮ ሰጣቸው። ቤታቸውን ያየላቸው የለም። ባንቴ በዚያ ወር መጥቶ «በይ እንግዲህ» አላት። «ቢጁ ትዳን» አለችው። ዳነች። በሚቀጥለው ሲመጣ «የልቧን ክኒን የሚሰጣት ሰው ላግኝ» አለችው። አላገኘችም። እናቱ ኮምቦልቻ ሆና «ልጄን ምን አስነካችብኝ?» ማለት ጀምራለች። ስርጉት እያየኋት ከሳች። ግቢው ትልቅ ነው፣ ባሕሩ ከፊቷ ነው፣ በሩም አይቆለፍባትም፤ እሷ ግን ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ እንኳ እየሮጠች ነው የምትመለሰው።

በ2012 መጀመሪያ ላይ አንድ ጧት ግንቡ ጋ ስትመጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ኤክሌርን ሊያመጣው ነው» አለችኝ።

«ማንን?»

«ኤክሌርን። ከፕላቶ ዱ ሰርፓን። ጥቁር ክር ያሰርኩለትን።»

አፌን በእጄ ያዝኩ። «እናትና ልጅ?»

«ነግሬዋለሁ። ለውሻ ምን አለበት፣ መልካቸው ይበልጥ ያምራል አለኝ። ላንዱ ሹም ሚስት ቃል ገብቷል።» ከዚያ ግንቡን በሁለት እጇ ያዘችው። «አበሩ፣ ይሄኛው ይገድላታል። እጄ ላይ ነው የምትሞተው። ማዳምን ምን እላታለሁ?»

ማዳም! ማዳም ኦዲል ከሄደች ጀምሮ አንድ ቀን ደውላ አታውቅም። ይህን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ፊቷን አይቼ ዘጋሁት።

መላ የፈጠርነው ሁለታችን ነን፤ ባንቴም በስልክ ገብቶበታል። ሦስታችንም ወሎና ድሬዳዋ ያደግን ሰዎች ነን፤ ሐሳባችን ይህ ነበር። ላሟ ካልወለደችና ካልታለበች ትሸጣለች፤ ውሻ ካልጠበቀ ይባረራል። ሙሴ ፓስካል ቢጁን የሚፈልጋት ለመውለድ ነው። መውለድ ካልቻለች ምን ታደርግለታለች? «ይዘሻት ሂጂ፣ ገላግይኝ» ይላል። ያን ጊዜ ስርጉት አደራዋን አቅፋ መኪና ላይ ትወጣለች። ባንቴ እንዲያውም ከወንበሩ ኋላ ባለው መኝታ ላይ ብርድ ልብስ አጥፎ የውሻ ቦታ አዘጋጀ። እንዲህ ያለ ወንድ የት ይገኛል?

ስርጉት ቢጁን በቅርጫት አድርጋ ነጠላዋን አለበሰቻት፤ ታክሲ ውሻ አይጭንማ። ሹፌሩ በመስታወት እያየ «ልጁ ታሟል?» ሲላት «አዎ፣ ልቡን» አለችው። አልዋሸችም። ዶክተር አብዱላሂ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ ሲያደርግ ፊቱ ተለወጠ። ይህ ልብ እርግዝና አይሸከምም አለ። ማኅፀኗ ይውጣልኝ አለችው።

«ባለቤቷ ያውቃል?»

«ባለቤቷ ሄዳለች። ለእኔ አማና ሰጥታኝ ነው የሄደችው።»

አማና በእነሱም አገር አደራ ነው። ዶክተሩ ሲታጠብ ቆይቶ እጁን ሳያደርቅ ቆመ። «ማደንዘዣውም ሊገድላት ይችላል» አላት። «ታውቂያለሽ?»

«እጄን ደረቷ ላይ እንዳደርግ ከፈቀድክልኝ ትነቃለች» አለችው።

ፈቀደላት። ነቃች።

ሙሴ ፓስካል ከመንገድ ሲመለስ የተላጨውን ሆድና ስፌቱን አየ። ስርጉት አልደበቀችም፤ እኔ ነኝ ያስደረግኩት አለችው። ጩኸቱ እኛ ሳሎን ድረስ ተሰማ። እኔ ግን ግንቡ ስር ቆሜ ልቤ በደስታ እየዘለለ ነበር። አሁን ይላል፣ አሁን «ይዘሻት ውጪ» ይላል እያልኩ።

«አሁኑኑ ከቤቴ ውጪ» አላት።

«እሺ ሙሴ። ቢጁን ይዤ እወጣለሁ» አለች ስርጉት።

ሰውየው ከልቡ ግራ ገባው። «ቢጁን? ቢጁ ምን አጠፋች?» አለ። «ቢጁ የቤተሰቡ አባል ናት። ውሻ መንገድ ላይ የሚጥል ሰው መስዬሻለሁ? የምትወጪው አንቺ ነሽ።»

ሦስታችን አንድ ላይ ሆነን ያላየነው ይህን ነው። የማትወልድ ውሻ አትባረርም። የምትባረር ሠራተኛ ነች። የዋህነታችን እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ስርጉት ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ኢስማኤል በሩን ሲዘጋ ፊቱን አዞረ። ነፃ ወጣች ማለት ነው፤ ባንቴ ጭነቱን ጭኖ በሦስተኛው ቀን ሊነሳ ነው። እኔም በዚያው መኪና ልሄድ ጓዜን ጠቅልያለሁ፤ እናቴ ደክማለች፣ በቃኝም። አሠሪዎቼ ሽማግሌ ባልና ሚስት ናቸው፤ በእኔ ቦታ ሌላ ሠራተኛ ገና አላገኙም፤ እስክንነሳ ስርጉት እኔ ክፍል እንድታድር ፈቀዱ። ማታ እንጀራውን አስቀምጬላት አልቀመሰችም።

«አበሩ» አለችኝ፣ «ቦታሽን ለእኔ ስጪኝ።»

«የቱን ቦታ?»

«እዚህ። አሠሪዎችሽን ለምኚልኝ።»

«አብደሻል?» አልኳት። ሌላም አልኩ፤ የማይጻፍ። በሩ ተከፍቶልሽ፣ ባንቴ ደጅ ቆሞልሽ፣ ተመልሰሽ ግንብ ስር ልትገቢ? አንዲት ነጭ ሴት እንባዋን ለመጥረግ በተናገረችው ቃል?

«የእሷ ቃል አይደለም የያዘኝ» አለች ስርጉት ቀስ ብላ። «ማሰሪያውን ስቀበል እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ የእኛ ግቢ ውስጥ ልብስ ስታጥብ ጠራኋት፤ «አቤት» አለች፣ ጮክ ብላ። ቢጁ በወዲያኛው በኩል ሰማች። ከዚያ ጉድ ፈላ። ጮኸች፣ ግንቡን ቧጠጠች፣ ዘለለች፣ ጮኸች፤ ድንገት ጸጥ አለ። ባልዲው ላይ ወጥቼ ሳይ በጎኗ ተዘርራለች፣ ምላሷ ያው ሰማያዊ። ኢስማኤል ቆሞ እየጸለየ ነው፤ መንካት አልቻለም። ስርጉት አፏን በሁለት እጇ አፍና መሬት ላይ ተቀመጠች። ኋላ ውሻዋ እግሯ ተንቀሳቀሰና ተነሳች። ስርጉት ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እዚያ ግቢ ውስጥ ድምፅዋን አላወጣችም።

አሠሪዎቼ በእኔ ቦታ ቀጠሯት፤ ባንቴም ሊሰናበታት መጣ። በር ላይ ቆመው ብዙ ቆዩ፤ የምትናገረውን እሱም ጎንበስ ብሎ ነው የሚሰማው። ለእሷ የተያዘው ወንበር ላይ እኔ ተቀመጥኩ።  መንገድ ላይ፣ ዲኪል ከተማ፣ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ «ያቺ ማዳም ደውላ ጠይቃታለች?» አለኝ።

«አንድም ቀን።»

ሻዩን ሳይጨርሰው ተነሳ።

ከዚያ በኋላ የማውቃት በስልክ ነው። እኔ ድሬዳዋ ገባሁ፣ ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ፣ ጫጫታ መሃል ነው የምውለው። ስርጉት የምትደውልልኝ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የግንቡ ጥላ ወደ እሷ በኩል ሲዞር እዚያው ስር ትቀመጣለች። ቢጁም በወዲያኛው በኩል መጥታ እንደምትተኛ ኢስማኤል ነግሯታል። ውሻ ሽታ አይጠፋባትም፤ ግን ድምፅ ካልሰማች ጸጥ ብላ ትተኛለች። ክኒኑን የሙሴ ፓስካል አዲሷ ሠራተኛ በአይብ ጠቅልላ ትወረውርላታለች፤ ይህንንም ስርጉት በኢስማኤል በኩል ነው ያስተማረቻት። ሽማግሌዎቹ አሠሪዎቿ ዲዳ እየመሰለቻቸው ሄደች።

«አይሰማኝም፣ ጮክ በይ!» እላታለሁ።

«አልችልም» ትለኛለች በሹክሹክታ። «ትሰማኛለች።»

ዓመት አለፈ፤ ሌላም አለፈ። ባንቴ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ አዋሽ አንዲት ደግ ሴት አገባ፣ ልጅም ወለደ። ለስርጉት የነገርኳት እኔ ነኝ። «እሰይ» አለች፤ ያችኑም በሹክሹክታ ስላለቻት እያለቀሰች ይሁን አይሁን መለየት አቃተኝ። ድምፅዋ ምን ይመስል እንደነበረ እየረሳሁት ነበር። እኔ ስልኩ ላይ ስጮህ የሱቁ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፤ እሷ ግን ከነፋሱ አትበልጥም።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ስኳር እየመዘንኩ፣ ስልኬ ጮኸ። አነሳሁት።

«አበሩ!» አለች።

ጮክ ብላ። ጥርት ያለ፣ ወፍራም፣ የመርሳ ድምፅ። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት፤ ሱቁ ውስጥ የቆሙት ሴቶች ሁሉ ሰሙት። ሌላ ነገር እስክትጨምር አልጠበቅኩም፤ ስኳሩን አስቀመጥኩና በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

«መቼ ሞተች?» አልኳት።